የካኩማ ሜዳዎችና የስደተኛ ሕፃናት ጨዋታ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ31ኛው አንቀጹ የማረፍና የመጫወት መብትን ለማንኛውም ሕፃን ቢያረጋግጥም፣ በስደተኛ መጠለያዎች ጨዋታ ከውኃ፣ ከእህልና ከመድኃኒት ኋላ የሚታሰብ፣ በጀት ሲያጥርም ቀድሞ የሚሰረዝ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ቅደም ተከተል ለመጀመሪያዎቹ የአደጋ ሳምንታት ተገቢ ነው ቢባል እንኳ፣ ስደቱ አሥርና ሃያ ዓመት በሚዘልቅበት ስፍራ መላውን የልጅነት ዘመን «ለጊዜው ይቆይ» እንደማለት ይቆጠራል።

በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና ምድር የሚገኘው ካኩማ የዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ከቀዳሚ ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ ፒኝዶ ተጠልለው የነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅም የጊሎን ወንዝ ተሻግረው ወደ ሱዳን ለመመለስ የተገደዱ፣ ከወላጅ የተለያዩ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በሚኖርበት በዚህ አቧራማ ሜዳ ልጆች ፌስታል ወይም አሮጌ ካልሲ ጠቅልለው፣ በሲባጎ ጠፍረው በሠሩት ኳስ በባዶ እግራቸው ሲራገጡ አድገዋል፤ በኋላ ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው አወር ማቢል ከእነዚሁ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የተሳተፈው የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ከያዛቸው 10 ስፖርተኞች አምስቱ ኬንያዊቷ የማራቶን ሯጭ ቴግላ ሎሩፔ ያሠለጠነቻቸው፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ሯጮች ነበሩ፤ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴም በማራቶን ሮጧል። ታሪኩ የሚያኮራ ቢሆንም ለጋሾችን ወደ ተሰጥኦ ፍለጋ የሚገፋ አደገኛ ጎን አለው፤ ፈጣን ሯጭ የማይሆነው፣ ኳስ እንኳ በቅጡ የማይመታው ልጅ ነውና የጨዋታው ዋና ባለጉዳይ።

ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ባለሙያዎች ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ የሚሉት፣ የልጁን የውስጥ መረጋጋትና ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት አብሮ የሚጠግን ሥራ ነው። ቤቱም ጎረቤቱም በአንድ ሌሊት የጠፋበት ልጅ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ስሙን ከሚያውቅ አሠልጣኝ ጋር ሲገናኝ ነገን መጠበቅ ይለማመዳል፤ ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ ነገ ተመልሶ መምጣትንም እንዲሁ። ጨዋታ በራሱ ግን ዕርቅ አያመጣም፦ ቡድኖች በጎሣ ወይም በሰፈር ከተከፈሉ ግጥሚያው የቆየ ቂም መወጫ ሊሆን ስለሚችል፣ ልጆቹን አደባልቆ መመደብ፣ ጠብ ሲነሳም ጨዋታውን አቁሞ ማነጋገር ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው።

የሴት ልጆች ነገር ከዚህም ይከፋል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ታናናሾችን መያዝ በእነርሱ ላይ ስለሚወድቅ፣ ልምምዱ ከዚሁ ሥራ ጋር በተጋጨ ቁጥር ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው እየተባለ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሰዓቱን ከእናቶች ጋር መክሮ መወሰን፣ ሴት አሠልጣኝ መመደብ፣ በቅርብ መጸዳጃ ቤት መኖሩን ማረጋገጥ ከአዲስ መለያ ልብስ ይቀድማል። ሆኖም የዕርዳታ ፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ የሚታየው ኳሱና መለያው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም ስደተኛ የሆነው አሠልጣኝ የሚያገኘው ከደመወዝ ያነሰ የማበረታቻ ክፍያ ሲሆን፣ እርሱም የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ ይቋረጣል።