የማን ቅቤ ነው?

ክረምቱ ወጥቶ የሐዲያ መስቀል የሆነው የያሆዴ በዓል ሲቃረብ፣ በሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ በሞርሲቶ የገበያው ሽታ ይለወጣል። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ የያዙ ሴቶች ተርታውን ይዘው ይቀመጣሉ። ገዥው ጎንበስ ብሎ ኮባውን ገለጥ ያደርጋል፤ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ውኃ ይወጣው እንደሆነ ያያል፤ ከጣቱ የቀረውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። በሐዲያ ያለ ቅቤ መስቀል የለም። አታካና ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ ነውና ቅቤው ከተበላሸ በዓሉም ተበላሸ ማለት ነው።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷን “እናቴ፣ ቅቤው የማን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። “የራሴ ላም ነው፤ ትናንት ነው የናጥሁት” አሉኝ። ትንሽ አለፍ ብሎ በትልቅ ፕላስቲክ ባልዲ ቅቤ የጠቀጠቀ ነጋዴ ዘንድ ደርሼ ያንኑ ጥያቄ ደገምሁ። “የገበያ ነው” አለኝ። ያ ነጋዴ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ከሁሉም የታመነው እሱ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱ መልሶች መካከል አንድ ትልቅ ነገር ጠፍቷል፤ ባዕድ ነገር ወደ ቅቤ የሚገባውም በዚያ ክፍተት ነው።

በመጀመሪያ ቅቤ ምን እንደሆነ እንይ። በወተት ውስጥ ቅባቱ በዓይን የማይታይ ጠብታ ሆኖ ተበትኖ ይኖራል፤ እያንዳንዱንም ጠብታ ስስ ሽፋን ይከበዋል። እርጎው በእንስራ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደድና ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ይረጋሉ። በመካከላቸው ግን ጥቂት ውኃና አሬራ ተይዞ ይቀራል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ከመቶ ቢያንስ 80 እጅ የወተት ቅባት፣ ቢበዛ 16 እጅ ውኃ የያዘውን ነው ቅቤ ብሎ የሚቀበለው። በየቤቱ በሚናጥ ቅቤ ይህ ልክ ከእጅ ወደ እጅ ይለያያል። ደህና አድርጋ ያጠበችና ያሸች ሴት ቅቤዋ ይደርቃል፤ የቸኮለች ሴት ቅቤዋ ይረጥባል። ውኃ በነጻ ይገኛል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን እንደ ቅቤ ይመዝናል። የመጀመሪያው ፈተና ከዚህ ይጀምራል።

ውኃን ለመያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ድስት ይበቃል። ቅቤ ሲነጠር የሚንጣጣው ውኃው እየተነነ ስለሆነ ነው፤ ድምፁ ጸጥ ሲል ውኃው አልቋል። በልኩ ከተሠራ አንድ ኪሎ ቅቤ በውኃ የሚያጣው ከ160 ግራም ባይበልጥ ነው። ሦስት መቶና አራት መቶ ግራም የሚያጣ ከሆነ ገዥዋ የውኃ ዋጋ በቅቤ ዋጋ ከፍላለች። ዱቄት፣ ድንች ወይም ያልበሰለ ሙዝ ከተቀላቀለበትም ከድስቱ ሥር ከልክ ያለፈ ዝቃጭ ይቀመጣል። ከፋርማሲ የተገዛ የቁስል አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለበት ማለት ነው፤ ንጹሕ ቅቤ ስታርች የለውም። አዮዲን የነካውን ናሙና ግን መጣል እንጂ ወደ ድስቱ መመለስ አይገባም።

አስቸጋሪው የሚረጋ ዘይት ነው። የፓልም ዘይት እንደ ቅቤው ሁሉ ቅባት ስለሆነ አብሮ ይቀልጣል፣ አብሮ ይረጋል፤ ዝቃጭም አይተውም። አፍንጫችንም እዚህ ላይ ይከዳናል። የበሳል ቅቤ ሽታ በዋናነት የሚመጣው ቡቲሪክ አሲድ ከተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ይሸታል። ስለዚህ ጥቂት በሳል ቅቤ ብዙ ሽታ የሌለው ዘይት ሊያሸትት ይችላል። “አሽትቼ ነው የገዛሁት” የምትል ሴት ቅቤ መኖሩን እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አላሸተተችም።

ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ኢፖሊት ሜዥ ሙሪየስ የተባለ ፈረንሳዊ ከበሬ ሞራ ለቅቤ ምትክ የሚሆን ማርጋሪን ሠራ። በስሙ የሚሸጥ ማርጋሪን ማንንም አይበድልም፤ ነገር ግን በቅቤ ስም መሸጥ ወዲያው ተጀመረ። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1887 ማርጋሪን በራሱ ስም እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ኤሚል ራይኸርት የተባለ ኬሚስት ያንኑ ቡቲሪክ አሲድ ለምርመራ አውሎት ነበር። አምስት ግራም የነጠረ ቅባት በአልካሊ ወደ ሳሙና ይለወጣል፣ በአሲድ ይፈታል፣ ከዚያም ልክ እንደ አረቄ ይጣራል። ከእንፋሎቱ ጋር የወጡት አሲዶች ይለኩና አንድ ቁጥር ይገኛል። የላም ቅቤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 34 ነው። የፓልም ዘይት አንድም አይሞላም። አፍንጫን ያታለለችው ጥቂት በሳል ቅቤ ይህንን ሚዛን አታታልልም፤ ምርመራው የሚለካው መጠንን እንጂ የሽታን ብርታት አይደለምና።

እስቲ እናስላው። ቁጥሩ 28 የሆነ ንጹሕ ቅቤ ከመቶ 30 እጅ ፓልም ቢገባበት ወደ 20 ገደማ ይወርዳል፤ ተያዘ። አጭበርባሪው ብልህ ሆኖ 10 እጅ ብቻ ቢጨምርስ? 25 ገደማ ይሆናል። 25 ደግሞ የአንዳንድ ላም ንጹሕ ቅቤ ቁጥር ነው፤ እንደ መኖው፣ እንደ ወቅቱ፣ እንደ ላሟ የአለባ ጊዜ ይለያያልና። ማጭበርበሩ በተፈጥሮ ልዩነት ውስጥ ተደበቀ። እርግጥ ዘመናዊው ላቦራቶሪ ሌላ መንገድ አለው፤ ኮሌስትሮል የእንስሳት ቅባት መለያ ሲሆን ዕፅዋት የራሳቸው ስቴሮል ስላላቸው፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በተባለ መሣሪያ ይለያያሉ። ያንን መሣሪያ ግን በየገበያው መትከል አይቻልም።

መውጫውን ያሳየን የቅቤ ሰው አይደለም። ዋልተር ሼዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ለጥራት ቁጥጥር የሚያገለግል ሠንጠረዥ ነደፈ። ሐሳቡ አንድን ምርት ከሌላው ሳይሆን ከራሱ ትናንት ጋር ማወዳደር ነው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ የተለመደ መዋዠቅ አለው፤ ከዚያ ወጣ ሲል አንድ ነገር ተፈጥሯልና ጠይቅ ይላል። ወደ ቅቤያችን ስንመልሰው፣ 25 ቁጥር ለማይታወቅ ቅቤ ምንም አይናገርም። ሁልጊዜ 29 እና 30 ይሰጥ ከነበረ ቤት ዛሬ 25 ቢመጣ ግን መጠየቅ ይገባል። መኖ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቅቤው ስም ሲኖረው ብቻ ነው።

ስም ሲጠፋ የሚሆነውን ዓለም ያየው በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተጨመረበት የሕፃናት ወተት 300 ሺህ ገደማ ሕፃናትን አሳመመ፤ ስድስት ሞቱ። ሜላሚን ለፕላስቲክ ሥራ የሚውል፣ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን የሆነ ኬሚካል ነው። የወተቱ ፕሮቲን ይለካ የነበረው ናይትሮጅንን በመቁጠር ነበር። ወተቱን በውኃ ያቀጠኑ ሰዎች ሜላሚን ጨመሩበት፤ መሣሪያውም “ፕሮቲን ሞልቷል” አለ። የተጨመረው የት ነበር? ላም ጋ አይደለም፤ በአብዛኛው የብዙ ገበሬ ወተት በአንድ ጋን በሚቀላቀልበት በመሰብሰቢያው ጣቢያ ነው። ሳንሉ የተባለው ኩባንያም አቤቱታ እየደረሰውና በነሐሴ ወር በምርመራ አረጋግጦ ሳለ እስከ መስከረም ለሕዝብ አልተናገረም። እዚያ ጥፋቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የቀላቀለው፣ ሌላው ዐውቆ ዝም ያለው። እኔ ሁለተኛው ይከፋል እላለሁ፤ የሕፃናቱ ጡጦ በዚያ ዝምታ ሲሞላ ነበርና።

እኛ ዘንድ ስምን የመጠበቅ ጥበብ ከጥንትም አለ። የሐዲያ ሴቶች ዊጆ የሚሉት የቅቤ ዕቁብ ነው። ጎረቤታሞች በየተራ ቅቤ እየለኩ ለአንዷ ያዋጣሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለሌላዋ። ማን ምን ያህልና እንዴት ያለ ቅቤ እንዳመጣች ሁሉም ያያል። ውኃ ያበዛች ሴት ተራዋ ሲደርስ ከእነዚያው ሰዎች ነው የምትቀበለው። የዘመኑ የጥራት ሥራ አመራር “ተከታትሎ መድረስ” የሚለው ነገር እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ፤ አምራቹ ይታወቃል፣ ልኩ ይታወቃል፣ የጎደለውም ለባለቤቱ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ፋብሪካዎችን ያስተምር የነበረው፣ ስሕተትን ከመጨረሻው በር ሳይሆን ከተወለደበት ላይ ያዝ የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስም መያዝ የሚጠቅመው ሌባ ለመያዝ ብቻ እንዳይመስለን። በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተደረገ አንድ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ከሁሉም ላይ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ከመቶ 26 ያህሉም ከሊትር 0.5 ማይክሮግራም ያልፉ ነበር። ማንም አጭበርብሮ አልጨመረውም፤ በዋናነት ሻጋታ ከያዘው የኑግ ፋጉሎ ነው የመጣው። ሐቀኛዋ ባለ ላም ሳታውቀው ጎጂ ወተት ልትሸጥ ትችላለች። ፋጉሎዋ መቀየር እንዳለበት ሄዶ የሚነግራት ሰው ግን መጀመሪያ ቤቷን ማወቅ አለበት።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም አለን። አዋጁም ሆነ ደረጃው ግን ፋብሪካና ማሸጊያ ያለውን ምርት ነው በቀላሉ የሚደርስበት፤ በባልዲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ቅቤ የሚነበብ ጽሑፍ የለውም። ተቆጣጣሪው ጉድለት ቢያገኝ እንኳ የሚቀጣው መጨረሻ ላይ የተገኘውን ሻጭ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት እጆች አይታዩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሆሳዕና ላይ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የራይኸርት ምርመራ ደግሞ ኬሚስትሪ የሚማሩ ወጣቶች በብርጭቆ ዕቃና በማሞቂያ የሚሠሩት ነው። ከያሆዴ በፊት ባሉት የገበያ ቀናት በሞርሲቶ የቅቤ ተርታ ተማሪዎቹ ናሙና የሚቀበሉበት አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ሰብሳቢው ነጋዴ ከእያንዳንዷ ሴት ሲቀበል ቅቤውን ሳይቀላቅል፣ የአንድ ጣት ያህል ናሙና በኮባ ጠቅልሎ የባለቤቷንና የቀበሌዋን ስም ይጻፍበት። ሐቀኛው ነጋዴም ከዚህ በላይ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ከባልዲው ጉድለት ቢገኝ ከማን እንደመጣ የሚያሳይበት ማስረጃ ይኖረዋልና። እናንተም ቅቤ ልትገዙ ስትሄዱ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ።