ከሱጁድ ሲነሱ የሚያዞራቸው አባቶች



በጉደር የሱብሒ ጀመዓ ላይ የፊተኛውን ሰፍ የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ አዛውንቶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ ወይም የጎናቸውን ሰው ትከሻ የሚይዙ አባቶችን አይተናል። ስንጠይቃቸው መልሱ አንድ ነው፦ «ዐይኔን ጨለም አደረገኝ፤ እርጅና ነው ልጄ።» ቤተሰብ «ደም አንሷቸው ነው» ይላል፤ ነገሩን ወደ ዓይነ ናስ ወይም ወደ ጂን የሚወስደውም አለ። ሩቅያ መቅራት መልካም ነው፤ ግፊት መለካትን ግን አይተካም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ሲቆሙ የሚከሰት የደም ግፊት መውረድ ነው። ደም ማነስ ሌላ በሽታ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም።

ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በአንገት ደም ስሮችና ከልብ በሚወጣው ዋና ደም ስር ላይ ያሉ ነርቮች ይህን ወዲያው ያውቁና ልብ እንዲፈጥን፣ የእግር ደም ስሮችም እንዲጠብቡ ያደርጋሉ። በወጣት ላይ ይህ በሰከንዶች ያልቃል። ዕድሜ ሲገፋ ነርቮቹ ይዘገያሉ፣ ደም ስሮች ይደርቃሉ፣ የውሃ ጥም ስሜትም ይቀንሳል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ያሉት አባት ግማሹን እውነት ተናግረዋል። የቀረው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነው።

በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የኪኒን ከረጢቱን ነው። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ላሲክስ)፣ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች፣ ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ሁሉም ሲቆሙ ግፊት ሊያወርዱ ይችላሉ። አንድ አባት ሦስቱን ከሦስት ቦታ ታዝዘውላቸው አብረው ሊውጡ ይችላሉ፤ አንዱ ሐኪም የሌላውን አያውቅም። ቀጥሎ የውሃ ማነስ ይመጣል፦ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ወይም ሌሊት ለሽንት ላለመነሳት ብሎ ውሃ መተው። ለረጅም ዓመት የቆየ ስኳር ነርቮቹን ራሳቸውን ይጎዳል፤ ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታም እንዲሁ። ሳምንታት አልጋ ላይ መቆየትም ያመጣዋል። ሙቀት ደም ስርን ስለሚያሰፋ አምቦ ፍል ውሃ ገብተው ሲወጡ የሚያዞራቸው ሰዎች ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሰገራ ካለ ግን በሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም።

የሱብሒ ሰዓት ለምን ይብሳል? ሌሊቱን ሰውነት በሽንት ውሃ ሲያስወጣ ያድራል፣ ምንም አይጠጣም። ረመዷን ላይ ደግሞ ከባድ ኢፍጧር ከተበላ በኋላ ደሙ ወደ አንጀት ስለሚሄድ ለተራዊሕ ረጅም መቆም ላይ ሊያዞር ይችላል። ለአዛውንት ኢፍጧሩን ከፋፍሎ መብላት፣ ከመግሪብ እስከ ሱሑርም ውሃውን አከፋፍሎ መጠጣት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚያመልጠን ግፊት የሚለካው ተቀምጠን ብቻ ስለሆነ ነው። ትክክለኛው መንገድ 5 ደቂቃ አስተኝቶ መለካት፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም ነው። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግሩ አለ ማለት ነው። ተኝተው 150/85 የሆኑ፣ ቆመው 120/75 ሊሆኑ ይችላሉ። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው «ግፊቴ ወረደ» ብለው ኪኒኑን በራሳቸው ያቆማሉ፣ ወይም ጨው ይጨምራሉ። ተኝተው ግን ግፊታቸው ከፍተኛ ነው፤ ስትሮክ በዚያ መንገድ ይመጣል። መድኃኒት የሚቀንሰውም ሰዓቱን የሚቀይረውም ሐኪም ነው። ከጉደር አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪኒኖቹን በሙሉ በከረጢት ይዞ መሄድ ከሁሉም ይጠቅማል።

ቤት ውስጥ፦ ከአልጋ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ መቀመጥ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ከመነሳት በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ)። ካዞረ ወዲያው መቀመጥ። የአዛውንት አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መንሸዋረር ወይም የአንድ ጎን መድከም ከመጣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሶላት ላይ ደግሞ ሸሪዓው መውጫ ሰጥቶናል። ማሊክ ኢብኑ አል-ሑወይሪስ ባስተላለፉት፣ ቡኻሪም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው ረከዓ በኋላ ለመነሳት ሲሉ ቀድመው ይቀመጡ እንደነበር ተወርቷል። ጀልሰቱል ኢስቲራሓ ይሉታል። ሻፊዒዮች ሱና ነው ሲሉ፣ ለዕድሜ ወይም ለችግር ነበር ያሉ ዑለማዎችም አሉ፤ ለአባቶቻችን ሁለቱም ይስማማል። ኢማሞች ከሱጁድ ሲነሱ ትንሽ ቢታገሷቸው ደግ ነው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ የዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ሐዲስ ለዚህ ግልጽ ነው። አንዳንድ አባቶች ወንበር ላይ መስገድን ያፍራሉና፣ ከሰፉ ዳር ሁለት ሦስት ወንበር ቀድሞ ቢቀመጥላቸው ጠይቀው አይሳቀቁም።