የባትሪ ማቋረጫ፣ የአሮጌ መኪና ዘብ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋ ለመኪና ባትሪ የሚራራ አገር አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ እየታከከ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና ጧት የሞተሪኖውን ድምፅ ለማሰማት እንኳ ሲቸገር ብዙ ጊዜ ይታያል። በዚህ ምድር ከባድ መንኰራኵር ማለፍ የጀመረው ሞተር ሳይታወቅ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ ገደሉን እያስናዱ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነበርና። ያን ጊዜ ጕልበቱ የሰው ክንድ ነበረ፤ ዛሬ ግን የመንኰራኵሩ ሁሉ ጥንተ እንቅስቃሴ ከኮፈን ሥር ወይም ከወንበር ሥር በተቀመጠች አንዲት የእርሳስና የአሲድ ሣጥን ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል።

ይህችን ሣጥን ከብኩንነት የሚጠብቅ፣ ዋጋው ጥቂት ረድኤቱ ግን ብዙ የሆነ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የባትሪ ማቋረጫ ነው። ግብሩ እጅግ ቀላል ነው፦ በባትሪውና በመኪናው አካል መካከል ባለው ወፍራም ገመድ ላይ ይገባል፤ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ እንደ ልማዱ ይመላለሳል፤ ሲከፈት ግን ባትሪው ከመኪናው ሁለንተና ተለይቶ ብቻውን ይቀመጣል። ማቋረጫ የሌለው አሮጌ መኪና መወርወሪያ እንደሌለው ደጅ ነው።

በአገራችን ዕድሜ የጠገቡ ቮልሶችና ላንድሮቨሮች ዛሬም በክብር ይነዳሉ። የእነዚህ መኪኖች የሽቦ ልባስ በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ሰዓቱ፣ በኋላ የተጨመረው ሬድዮ፣ እርጥበት የገባበትም መጋጠሚያ ሁሉ መዓልተ ወሌሊተ ከባትሪው ጥቂት በጥቂት ይመጠምጣሉ። የሚፈሰው ኀይል 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ37 ቀን ገደማ ባዶውን ይቀራል፤ ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከዚህ እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ጭቃው ወደ ስማዳ ቆላ የሚወርደውን መንገድ ሲያከብደው መኪናውን ሳያንቀሳቅስ የሚያከርም ባለቤትም አይታጣም። ብርዱ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የባትሪ ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራ በቅዝቃዜ ስለሚዘገይ፣ ወደ 0 ዲግሪ ሲቃረብ የባትሪው አቅም አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ወርዶ ብዙ ሳምንት ከቆየ በእርሳሱ ላይ ጠንካራ የሰልፌት ጨው ይጋገርበትና ቢሞሉትም የቀድሞው ኀይሉ አይመለስለትም።

ከኀይል ብክነት የሚበልጠው ግን የእሳት ነገር ነው። የቮልስ ባትሪ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ክዳኑ ከጠፋና ከባድ ሰው ከተቀመጠበት፣ የወንበሩ የብረት ምንጭ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ራስ ሊነካ፣ የወንበሩንም ሙሊት ሊያቀጣጥል ይችላል። ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ደግሞ ፊውዝ የለውም፤ ልባሱ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚገታው ነገር ባለመኖሩ ገመዱ ራሱ ይግላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ማቋረጫው ከተከፈተ ይህ ሁሉ ምክንያተ ጥፋት ይቀራል።

በአገጣጠሙ ላይ አጥብቆ መጠንቀቅ የሚገባው ባለሙያዎች «ማሳ» በሚሉት፣ ከመኪናው አካል ጋር በታሰረው ገመድ ላይ ነው። ማቋረጫው በዚህ በኩል ገብቶ ሲከፈት፣ ከዚያ ወዲያ የቡሎን መፍቻ ከባትሪው ወደ አካሉ ቢነካካ እንኳ ብልጭታ አይነሣም። አብዛኛው ሰው ማሳ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ይመስለዋል፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ላንድሮቨሮች ግን ፖዘቲቩን ከአካሉ ጋር ያሰሩ ናቸው። እንግዲህ ምልክቱን ብቻ አይተው ሳይሆን፣ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ተከትለው ሊወስኑ ይገባል። ሥራው ሲጀመር የማሳው ገመድ አስቀድሞ ይፈታል፤ ሲፈጸምም በመጨረሻ ይታሰራል።

ማቋረጫው ራሱ በባትሪው ራስ ላይ የሚታሰር፣ በእጅ የሚዞር እጀታ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ወይም በአካሉ ላይ በቡሎን ተጣብቆ ቀይ ቁልፍ የሚነቀልለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቁልፉን ነቅሎ የሚሄድ ሰው ሌባን ያዘገያልና። ነገር ግን ሞተሪኖ ሲነሣ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ ቀጭን መዳብ ያለው ርካሽ ማቋረጫ በዚህ ጊዜ ይግላል፤ ስለዚህ ከሚነሣው ኀይል በላይ የሚችለውን መምረጥ ግድ ነው። በተለይ በቀድሞው 6 ቮልት ለሚሠሩት ቮልሶች ይህ ነገር ይጸናል፤ ቮልቱ ሲያንስ ለተመሳሳይ ሥራ የሚፈሰው አምፔር በእጥፍ ይበዛልና፣ በመጋጠሚያው ላይ ያለች ጥቂት ዝገት ሞተሪኖውን ታደክማለች። መጋጠሚያዎቹ በብረት ብሩሽ ጠርተው፣ በግሪስ ሊሸፈኑ ይገባል።

ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ማቋረጫውን መንካት አይገባም፤ ቻርጅ የሚሰጠው ክፍል ባትሪው በድንገት ሲለየው ቮልቱ ይሰቀልና ውስጡ ያሉትን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ተራ ማቋረጫ የሚነዳውን ሞተር እንደሚያጠፋ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ለእሽቅድምድም መኪኖች የሚሠራው፣ በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀይ የመብረቅ ምልክት ያለበት፣ ለዚያ ተግባር ተጨማሪ መገናኛዎች የተሰጡት ሌላ ዓይነት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አባቶቻችን የተዉልን አሮጌ መኪና የሚተካ ዕቃ መሆኑ እየቀረ ነው። በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በአርብ ገበያ እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ወገኖች፣ የሰኔ ዝናብ ሳይጥል ወደ አንድ የታመነ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወስዳችሁ ማቋረጫ ታስገጥሙለት ዘንድ አደራ እላለሁ።