የእድሩ ዳኛ የማያውቋቸው ሴት

በወረዳችን የወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እጽፋለሁ። አገር አቀፍ ምዝገባው ከተጀመረበት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ብዙ ቢሻሻልም የሚያከራክረን መስመር ያው የመጀመሪያው ነው፤ ስም።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነውና፣ ክርስትናውን ጠብቀው ለሚመጡ ወላጆች የሚተርፋቸው አሥር ቀን ነው። ያኔም አባት ያወጣው ስምና አያት ልጅቱን የምትጠራበት ስም ገና አልታረቁም።

ነገሩ የሚከብደው ግን ሞት ሲመዘገብ ነው። በቅርቡ አንድ ጎልማሳ የእናቱን ሞት ሊያስመዘግብ መጣ። ከመታወቂያቸው ላይ ስማቸውን ሳነብ አብረውት የመጡት የእድር ዳኛ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤት ናቸው! በመታወቂያው ላይ ያለው አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ጎንደር ገጠር ሲዳሩ አማታቸው የዳቦ ስም አወጡላቸው። አዲስ አበባ ሲገቡ ሰፈሩ በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» አላቸው። ለፍትሐቱ ደግሞ ቄሱ የጠየቁት የክርስትና ስማቸውን ነው።

በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷ ስም ከወረቀት ላይ አይነሳም። በአንዳንድ አካባቢ ግን በአማቷ ቤት የገዛ ስሟ ይለወጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ልማዳችን አልተቀበለውም። ሰው የሚጠራው የተቀበለው ወገን ባወጣለት ስም ነው። እኚህ እናትም አንዱንም ስም ራሳቸው አልመረጡትም፤ ለሁሉም ግን «አቤት» ብለዋል። በአንዱ ልጅ፣ በአንዱ ምራት፣ በአንዱ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ማንነታቸውን የሠሩት እነዚህ ጥሪዎችና ከየጥሪው ጋር የመጣው ኃላፊነት ይመስሉኛል።

አሁን የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር አለ። የአሥር ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ተነሥቶ 12 አሃዝ ይሰጣል፤ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። አንድን ሰው ከሌላው ለመለየት ትልቅ እፎይታ ነው። አማት በምን ስም እንደጠራች ግን አይነግረንም።

የልጁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የተያዘው። የእናቱ የቤት ሰነድ የወጣው በዳቦ ስማቸው ስለሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ፍርድ ቤት ሄዶ ማረጋገጥ አለበት። ለዚህ የሚቀርቡት ምስክሮች የልጅነት ስማቸውን የሚያውቁ እህታቸውና በኋለኛው ስም የጠሯቸው ዘመዶች ናቸው። ሰነዶቹ ሲጋጩ የፍርድ ቤቱ ዳኛም የሚሰማው ጠሪዎቹን ነው። ጠሪዎቹ ደግሞ ያረጃሉ። ሁለት ስም ያላቸው ወላጅ ያላችሁ፣ ምስክሩ ሳያልቅ ሰነዱን አስተካክሉ።