ኪኒኑን ልተው ወይስ ጾሙን? ደም ግፊትና የረመዷን ማዕድ



ረመዷን በመጣ ቁጥር ለየመስጊዱ ኢማም ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ «ግፊት አለብኝ፤ ኪኒኑን ልተው ወይስ ጾሙን?» የሚል ነው። በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። ጠይቀው የሚወስኑት ደግ አደረጉ። የሚያሳስቡት ሳይጠይቁ የሚወስኑት ናቸው። ጨረቃ በታየች ማግስት ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው «ጾሙ ራሱ መድኃኒት ነው» የሚሉ አሉ። ሐኪም «ዘንድሮ አይጹሙ» ብሏቸው ሳለ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው የሚጾሙም አሉ።

የጥያቄው ግማሽ የሸሪዓ፣ ግማሹ የሕክምና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው መልሱ ይህ ነው፦ ግፊቱ በመድኃኒት የተስተካከለለት ሰው ሐኪሙን አማክሮ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙንም ኪኒኑንም ይዞ መዝለቅ ይችላል። ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ማቆም ግን የለበትም። ቀን በጾም ያገኘውንም ማታ በጨውና በዘይት ማጣት የለበትም።

ምልክት የማይሰጠው በሽታ

ደም ግፊት፣ ብዙዎቻችን ደም ብዛት የምንለው፣ ደም በሥሮቻችን ውስጥ ሲዘዋወር በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ከልክ ሲያልፍ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሞች ግፊት አለ ይላሉ። ብዙ ሰው «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ ያምናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ግፊት ዓመታት ሙሉ ምንም ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና የአንጎልን ሥር ሲጎዳ ሊቆይ ይችላል።

በዓለም ላይ ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። በሀገራችን በ2007 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2015) በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው ታይቷል። ያው ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚመገብ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

በገጠራችን አንድ ሰው በድንገት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ ግማሽ አካሉ ሲከዳው፣ ምላሱ ሲተሳሰር «ጂን መታው» ይባላል። ቁርኣን መቅራት መልካም ነው፤ በመንገድም በሆስፒታልም ይቀራል። ነገር ግን ይህ ምልክት ብዙውን ጊዜ ስትሮክ ነው፤ ሐኪሞች ሊረዱ የሚችሉት በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ከደረሰላቸው ነው። ከጉና ጀርባ ካለ ቀበሌ ወይም ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆ ከሚወርደው የስማዳ ቆላ እስከ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነው። «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ማለት ሰውን ያሳጣል።

የአላህ ፈቃድ ለበሽተኛ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ በሽተኛና መንገደኛ ጾሙን አፍጥረው በሌሎች ቀናት እንዲከፍሉ ፈቅዷል። ይህን የፈቀደው ለባሮቹ ገሩን ስለሚሻ እንደሆነም በዚያው አስታውቋል። ሊቃውንት ይህን ፈቃድ «ሩኽሷ» ይሉታል። ሩኽሷን የሰጠው ጾምን ያዘዘው ራሱ አላህ ነው። ስለዚህ በተፈቀደለት የሚጠቀም በሽተኛ ከኢባዳ ወጥቷል አይባልም። ራስን ወደ ጥፋት መወርወርም በዚያችው ሱራ 195ኛ አንቀጽ ተከልክሏል።

ጉዳዩ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ግፊቱ የተስተካከለ፣ መድኃኒቱን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው ነው። ሐኪሙ ከፈቀደለት ይጾማል። ሁለተኛው ግፊቱ ገና ያልወረደለት፣ መድኃኒት በቅርቡ የተቀየረለት፣ ወይም ሐኪም ለጊዜው የከለከለው ነው። ይህ ያፈጥራል፤ ሲሻለው ቀዷውን ያወጣል። ሦስተኛው በሽታው ልቡን ወይም ኩላሊቱን ጎድቶ ዳግም መጾም ይችላል ተብሎ ተስፋ የማይደረግለት ነው። እሱ ባልጾመው በእያንዳንዱ ቀን ምትክ አንድ ሚስኪን ያበላል፤ ይህም ፊድያ ነው።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሐኪም ከጾም ከከለከላቸው በቤት ውስጥ አታሸማቋቸው። ምሳቸውን በአክብሮት አቅርቡላቸው፤ በኢፍጧር ሰዓት ከሁሉም ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ።

ኪኒኑና ሰዓቱ

በሀገራችን የጾሙ ርዝመት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው። እንደ አምሎዲፒን ያሉ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡ መድኃኒቶች ሙሉ ቀን ስለሚሠሩ ከኢፍጧር በኋላ ወይም በሱሑር ሊወሰዱ ይችላሉ። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው አንዱ በኢፍጧር፣ አንዱ በሱሑር ይሆናል። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በሱሑር ከተዋጠ ቀን ውሃ ሊያስጠማና ሊያደክም ስለሚችል ሰዓቱን ወደ ማታ ስለማዞር ሐኪሙን ጠይቁ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሐኪሙ በሌላ ሊቀይረው ይችላል። የቀረውን ለማካካስ ሁለት ጊዜውን ባንዴ መዋጥ ግን አደገኛ ነው። ከግፊት መድኃኒቶች መካከል በድንገት ሲቋረጡ ልብን የሚጎዱም አሉ።

ግፊት መለካት ጾምን አያበላሽም። ለምርመራ ጥቂት ደም መስጠትም በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ጾም አያፈርስም። «ጾመኛ ነኝ» ብላችሁ ቀጠሯችሁን አትለፉ። መድኃኒቱንም የወር ሙሉ አስቀድማችሁ ያዙ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እንዴት እንደተቸገሩ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለች ኪኒን ነፍስ ታድናለች።

ደረት አጥብቆ ካመመ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተያዘ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፤ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። በተራዊሕ ሰላት ሲነሱ የሚያዞራቸውም ቁጭ ብለው ይስገዱ፤ ይህም የተፈቀደ ነው። ማዞሩ ከቀጠለ ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ይለኩ።

ጨው በሦስት በር ይገባል

ጨው ድሮ ገንዘብ ነበር። አሞሌው ከአፋር ሜዳ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊም አባቶቻችን ነበሩ። ውድ የነበረው ነገር ዛሬ ረክሶ በየቤቱ ሞልቷል፤ እጃችንም አብሮ ላልቷል።

5 ግራም ማለት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ለቀኑ ሙሉ፣ ከሁሉም ምግብ ጋር ተደምሮ። አሁን የእኛን ማዕድ እንመልከት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም ሲፈጭ እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመርበታል። በላዩ ሚጥሚጣው፣ ዳቦው፣ በጨው የታሸው ቆሎ፣ ለኢፍጧር ሾርባ የሚጨመረው የታሸገ ቅመም አለ። በአንድ ማታ የሁለት ቀን ጨው መብላት ቀላል ነው። በማግስቱም ጥሙ ይከብዳል።

መፍትሔው ከወፍጮ ይጀምራል። በርበሬና ሽሮ ስታዘጋጁ ጨው አታስገቡበት፤ ወጡ ላይ ብቻ፣ ለክታችሁ ጨምሩ። ለግፊተኛው ብቻ ሌላ ድስት መጣድ አስፈላጊ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀንስ። የመጀመሪያው ሳምንት ወጡ አልጫ ይመስላል፤ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሎሚና ቃሪያ ጣዕሙን ይሞሉታል። የምትጠቀሙት ጥቂት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርት የደጋው ሰው የቆየ ችግር ነውና።

ደጋው የሰጠን ምግብ ለዚህ በሽታ ተስማሚ ነው። የጉና ተዳፋት ገብስና ድንች፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ ይጠቅማሉ። በተምርና በውሃ ማፍጠር፣ መግሪብ መስገድ፣ ከዚያ ጨው የቀነሰ ሾርባና የተቀቀለ ድንች፣ ጎንቁል ወይም ምስር ከእንጀራ ጋር መብላት በቂ ነው። ሳምቡሳ ከተፈለገ አንድ ይብቃ፤ የሚረጋ ዘይትም ይቅር። ለሱሑር አጥሚት ወይም ጨው የሌለው በሶ ቀን ያቆያል። ስኳር ያለበት ደግሞ ተምሩንም ማሩንም ይቆጥብ፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ስለ ድንችና ተምር መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንድንተው መምከራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። በዚህ መንገድ የተጾመ ረመዷን ለግፊት እንደሚረዳ የዘመኑ ጥናትም አሳይቷል። በለንደን ከመስጊዶች በተመለመሉ ጾመኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ከረመዷን በኋላ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ7፣ የታችኛው በ3 ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ጥሩ ዜና ነው፤ ኪኒን ለማቆም ግን ማስረጃ አይሆንም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው

«የተፈጥሮ መድኃኒትስ?» ለሚሉ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ተልባ፣ ከርከዴና ጥቁር አዝሙድ ግፊትን በጥቂቱ እንደሚቀንሱ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለ ሽፈራው በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ትንሽ ነው። በምግብነት ይጠቅማሉ፤ ከፍ ያለ ግፊትን ብቻቸውን አያወርዱም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ከማብዛቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ጥቁር አዝሙድ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ፣ ከሞት በቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ መሆኑን የሚገልጸው፣ ሶሒሕ ነው። ይሁንና አል-ኸጣቢን የመሰሉ ሊቃውንት ቃሉ ጠቅላላ ቢመስልም የሚያመለክተው የተወሰኑ በሽታዎችን እንደሆነ አብራርተዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ መድኃኒት ማኖሩን ነግረው «ታከሙ» የሚል መመሪያ ሰጥተዋል። ሁለቱን ሐዲስ አንድ ላይ የያዘ ሰው አዝሙዱን ለማዕዱ ያደርጋል፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ ይውጣል።

ሌሊቱን መጠበቅ

ከኢፍጧር እስከ ሱሑር በጫት የሚያልፍ ሌሊት ለግፊተኛ ከባድ ነው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ሲጋራ ከተጨመረበት ይብሳል። ዱዓችን ያለ ጫትም ወደ አላህ ይደርሳል። ቡና የወደደ ጀበናውን አይተው፤ ሲኒውን ግን ይቁጠር። ገበያ ውስጥ ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ ወደ መስጊድ በእግሩ ይሂድ፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለልብ ይበጃል።

ሰውነታችን አማና ነው። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ሁሉ ግፊቱ መቼ እንደተለካ ጠይቁ። «ተለክቼ አላውቅም» የሚል ካለ በዚህ ሳምንት አብራችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኪኒኑን የቆለፈውም ሳጥኑን ይክፈት፤ ከዚያ ሐኪሙንም ኢማሙንም ይጠይቅ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ለታመሙት ዓፊያ ይስጥልን። ረመዷን ሙባረክ!