ጨጓራ ካነሰ በኋላ

ውፍረት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ የሁሉም ጥያቄ «ስንት ኪሎ ቀነሰች?» ነው። ከዓመታት በኋላስ? ይህን የሚጠይቅ ብዙ የለም። የእናቴ ታናሽ እህት ሕክምናውን በ2006 ዓ.ም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አድርጋለች። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ስለምትኖር ቀሪውን በቅርብ አይቼዋለሁ። የምጽፈውም በእሷ ፈቃድ ነው።

ለመሆኑ ሕክምናው ምንድን ነው? አክስቴ ያደረገችው «ጋስትሪክ ባይፓስ» የሚባለውን ነው። መጀመሪያ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1966 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። ሐኪሙ ከጨጓራ አናት ላይ እንቁላል የምታህል ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ምግብ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሰው በትንሹ ይጠግባል፣ የረሃብ ሆርሞኖችም ይለወጣሉ።

ጥቅሙ አይካድም። አክስቴ በአንድ ዓመት ተኩል 41 ኪሎ ቀንሳለች፤ የስኳር መድኃኒቷንም በሐኪም ትእዛዝ አቁማለች። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው የስዊድን ጥናትም በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ባደረጉት ላይ ሞት ካላደረጉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ወደ ደም እንዲገባ የጨጓራ አሲድና ጨጓራ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን ያስፈልጋሉ። ባይፓስ ይህን መንገድ ያቋርጠዋል። ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። አክስቴም ይዛ የመጣችው ኪኒን ሲያልቅባት «ደህና ነኝ እኮ» ብላ ተወችው። በዚያ ላይ ጾም አለ። ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ካሉ የእንስሳት ውጤቶች ነው፤ ሁዳዴ ብቻውን ደግሞ 55 ቀን ነው።

በ2013 ዓ.ም እግሯ ይደነዝዝ ጀመር። አያቴ «ብርድ ነው ልጄ» አለቻት። ደረጃ ስትወርድ መደናቀፍ መጣ። አንድ ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት፤ ቀዶ ሕክምና አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ደሟን አስመርምሮ ምክንያቱን አገኘው። የቢ 12 መርፌ ተጀመረላትና አረማመዷ ተስተካከለ። የጣቶቿ መደንዘዝ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ነርቭ ሳይታከም ከቆየ እንደነበረው ላይመለስ ይችላል።

ሌላም አለ። ብረትና ካልሲየም በደንብ ስለማይገቡ ደም ማነስና የአጥንት መሳሳት ያሰጋሉ። ምግብ እንዳበቃ ቡና መጠጣት ደግሞ ብረቱን ይበልጥ ያሳጣል። ለስላሳ ስትጠጣ ልቧ ይመታል፣ ያልባታል፣ ያዞራታል፤ ጣፋጩ በአንዴ አንጀት ውስጥ ስለሚወርድ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ቁስለት ስለሚያመጡ አትወስድም። ኪሎውም ቢሆን 9 ያህሉ ተመልሷል።

ትልቁ ፈተና ግን ግብዣ ነው። «ከሳሽ እኮ፣ በሞቴ ይችን ብቻ!» ይሏታል። ያቺ «ይችን ብቻ» የከረጢቷን እኩሌታ ትሞላለች፤ ያስመልሳታል።

እንግዲህ በዘመዶቻችሁ መካከል ይህን ሕክምና ያደረገ ሰው ካለ፣ ቢያንስ በየዓመቱ ደሙን ይመርመር፣ ቫይታሚኑን ዕድሜ ልኩን አያቋርጥ፣ ለሚያክመው ሐኪም ሁሉ አስቀድሞ ይንገር። እናንተ ደግሞ በቃኝ ሲል እመኑት።