ሰባ አምስት ኦም በገመዱ ጫፍ

ቅዳሜ ከሰዓት በሚዛን ተፈሪ፣ በአማን ወይም በቴፒ ኳስ ከሚታይባቸው ቤቶች ወደ አንዱ ይግቡ። በአንዱ ቤት ሣሩ ነጥቶ የማሊያ ቁጥር አይነበብም። በሌላው ቤት ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጎን ፈዛዛ ጥላ አብሮት ይሮጣል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ሜዳው ጨለም ብሎ ሥዕሉ አልፎ አልፎ ይንሸራተታል። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ያማርራል፤ የቤቱ ባለቤት ልጁን ጣሪያ ላይ ልኮ ዲሹን ያስነካካል። ኤችዲኤምአይ ባልገባበትና ቢጫው ገመድ ዛሬም በሚሠራበት ቤት ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲሹም የቴሌቪዥኑም አይደለም። ከሪሲቨሩ የሚነሳው ገመድ ጫፍ ላይ መኖር ያለበት ሬዚስተር የለም፤ ወይም ከአንድ በልጧል። በዚህ ጽሑፍ የምናስተዋውቀው ያንን ሬዚስተርና እሱን የሚያስገባና የሚያስወጣ ትራንዚስተር ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም በጥቁርና ነጭ ሥርጭት ጀመረ፤ ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ፓል የሚባለው ሥርዓት አንዱን ሥዕል በ625 መስመር ይከፍለዋል፤ በሴኮንድም 25 ሥዕል ያሳያል። እያንዳንዱ መስመር 64 ማይክሮ ሴኮንድ ሲፈጅ ሥዕሉን የሚሸከመው 52ቱ ብቻ ነው። በቢጫው ገመድ የሚያልፈው ይህ ሁሉ ከታች እስከ ላይ ቢለካ 1 ቮልት ነው። የታችኛው 0.3 ቮልት ቴክኒሺያኖች ሲንክ የሚሉት የማመሳሰያ ምት ሲሆን፣ ቀሪው 0.7 ቮልት ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ብርሃን ይይዛል። ቴሌቪዥኑ መስመሩ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በሲንክ ነው። ሲንክ ሲያንስበት መስመሩን ይስታል፤ ሥዕሉም ይንሸራተታል።

ለቪዲዮ የሚሠራ ኮአክሲያል ገመድ 75 ኦም ነው ሲባል ሽቦው በሜትር ይህን ያህል ይከለክላል ማለት አይደለም። በገመዱ ውስጥ የሚጓዝ ሞገድ በመካከለኛው ሽቦና በዙሪያው ባለው ሽፋን መካከል የሚያገኘው የቮልትና የአምፒር ጥምርታ ነው። ገመዱ 10 ሜትር ቢሆን 100 ሜትር ቢሆን ቁጥሩ ያው ነው። ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ 75 ኦም ሬዚስተር ከጠበቀው ገመዱ የቀጠለ ያህል ይሆንለትና ሙሉ በሙሉ ይዋጣል። ባዶ ጫፍ ካገኘ ግን እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ላኪው መሣሪያም በውስጡ የራሱ 75 ኦም አለው። ውስጡ 2 ቮልት ያመነጫል፤ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ ግማሹ ጫፍ ላይ ባለው ሬዚስተር ላይ ይወድቃልና 1 ቮልት ይገኛል። ጫፉ ባዶ ሲሆን የሚካፈል የለምና 2 ቮልቱ እንዳለ ይደርሳል። የነጣው ሣር ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ እያንዳንዱ የራሱን 75 ኦም ይዞ፣ በአንድ መውጫ ላይ ሲቀጠል ሬዚስተሮቹ ጎን ለጎን ሆነው 37.5 ኦም ይሆናሉ፤ ሲግናሉም ወደ 0.67 ቮልት ይወርዳል። ሦስት ሲሆኑ 25 ኦም፣ ግማሽ ቮልት። ያን ጊዜ ሲንኩ 0.15 ቮልት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ቴሌቪዥን 75 ኦሙ በውስጡ ተበይዶ ስለሚመጣ፣ በገበያ የሚሸጠውን ባለ ሦስት አፍ ማከፋፈያ ሰክቶ ሦስት ቴሌቪዥን ማሳየት ሁልጊዜ ወደዚህ ይወስዳል።

ጥላውም ስሌት አለው። ሲግናል በተለመደው ኮአክሲያል ገመድ ውስጥ በማይክሮ ሴኮንድ 200 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባዶው ጫፍ 50 ሜትር ላይ የተሰካ ቴሌቪዥን ሞገዱን አንዴ ሲያልፍ ያገኘዋል፤ ጫፉ ድረስ ሄዶ፣ በድምሩ 100 ሜትር ተጉዞ ሲመለስ ደግሞ ከግማሽ ማይክሮ ሴኮንድ በኋላ እንደገና ያገኘዋል። ከ52 ማይክሮ ሴኮንድ ውስጥ ግማሹ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ጥላው ወደ ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ጥላው በግልጽ የሚታየው በመካከል ባሉት ቴሌቪዥኖች ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የሚያየው መንጣት ብቻ ነው፤ ለእሱ ሂያጁና ተመላሹ ሞገድ በአንድ ቅጽበት ይገናኙበታልና።

በስቱዲዮ የሚሠሩ ሞኒተሮች ይህን የሚፈቱት በጀርባቸው መግቢያና መውጫ አድርገው ነው። ገመዱ ከአንዱ ሞኒተር ወደ ሌላው ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች፤ የመጨረሻው ሞኒተር ላይ ብቻ 75 ኦም ላይ ትደረጋለች።

እኔ በደቡብ ምዕራብ ያቺን ማብሪያ አላምናትም። ቴፒ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ሚዛን ከዚያም ትርሳለች። ቡናውንና ኮረሪማውን የሚያጠግብ እርጥበት ለብረት ጠላቱ ነው። የማብሪያዋ ምላስ ላይ ስስ ዝገት ሲያርፍ፣ 1 ቮልትና ጥቂት ሚሊ አምፒር የሆነ ሲግናል ያን ሽፋን የሚበሳበት ጉልበት የለውም። ማብሪያዋ በዓይን ሲያዩአት ተዘግታለች፤ ለሲግናሉ ግን ክፍት ናት። ወይም ሰው በሩን ሲዘጋ ትገናኝና ሲከፍት ትለያያለች፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ማግኘት ደግሞ የጠጋኝን ትዕግሥት ይፈታተናል። ስለዚህ ሲግናሉ የሚያልፍበትን መንገድ ከሚነካካ ብረት ማላቀቅና መክፈት መዝጋቱን ለትራንዚስተር መስጠት ለዚህ አገር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ማብሪያ ካስፈለገም ትራንዚስተሩን በሚያዘው መስመር ላይ ይቀመጥ፤ እዚያ 5 ወይም 12 ቮልት ስላለ ስስ ዝገት አያግደውም።

ቀላሉ አሠራር እንዲህ ነው። 75 ኦም ሬዚስተሩ በአንድ እግሩ ከሲግናሉ ጋር፣ በሌላው እግሩ ከአንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ኮሌክተር ጋር ይበየዳል፤ ኤሚተሩ መሬት ላይ ይሆናል። ቤዙ ላይ ጥቂት ሚሊ አምፒር ሲመጣ ትራንዚስተሩ ይዘጋና ሬዚስተሩን ከመሬት ያገናኘዋል። ቤዙ ሲቋረጥ ሬዚስተሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሲግናሉም ሳይነካ ወደሚቀጥለው ቴሌቪዥን ያልፋል። 1 ቮልት በ75 ኦም 13 ሚሊ አምፒር ስለሆነ ተራ ትንሽ ትራንዚስተር ይችለዋል።

ችግሩ ሲግናሉ ከዜሮ በታች ሲወርድ ይመጣል። ብዙ መሣሪያዎች መውጫቸው ላይ ካፓሲተር ስላላቸው ሲግናሉ በአማካዩ ዙሪያ ይዋልላል። ስክሪኑ ሙሉ ለሙሉ ነጭ በሚሆንበት ጊዜ አማካዩ ከፍ ስለሚል የሲንኩ ጫፍ ከዜሮ በታች 0.8 ቮልት ያህል ይወርዳል። ጠፍቷል የተባለው ትራንዚስተር ታዲያ በ0.6 ቮልት ገደማ ላይ በኮሌክተሩና በቤዙ መካከል ባለው መገናኛ መምራት ይጀምርና የሲንኩን ጫፍ ይቆርጠዋል። ጭጋግ ወይም ደመና ስክሪኑን ሲሞላው ብቻ ሥዕሉ የሚዘል ከሆነ እዚህ ጋ መፈለግ ይገባል።

የተሻለው መንገድ ሞስፌት የሚባለውን የትራንዚስተር ዓይነት ሁለት ወስዶ በሶርሳቸው ጀርባ ለጀርባ ማያያዝ ነው። አንድ ሞስፌት ብቻውን በውስጡ ዳዮድ ስላለው ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን የአንዱ ዳዮድ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። 2ኤን7000 የሚባለው በየቦታው የሚገኝ ሞስፌት በበቂ ቮልት ሲታዘዝ የውስጥ ተቃውሞው ከ5 ኦም አይበልጥም፤ ሁለቱ ቢደመሩ ከ10 አያልፉም። ስለዚህ በ75 ፈንታ 68 ኦም ሬዚስተር መርጦ ድምሩን ወደ 75 ማስጠጋት ነው። 4066 የተባለችውን የታወቀች አይሲ ለዚህ ሥራ የሚሞክሩ አሉ፤ የዱሮዋ ዓይነት ግን በ15 ቮልት እንኳ የራሷ ተቃውሞ ከ100 ኦም ስለሚበልጥ ለ75 ቦታ አይተርፋትም።

ለቴፒና ለሚዛን ሌላም ነገር ማሰብ ያስፈልጋል፤ መብራት ይጠፋል። የመስመሩ የመጨረሻ መሣሪያ ኃይል ሲያጣ፣ ሌሎቹ ግን በጄኔሬተር ሲሠሩ፣ ትራንዚስተሩ ስለሚከፈት መስመሩ ጫፍ አልባ ይሆናል። እዚህ ቦታ ላይ ጄፌት የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ይመረጣል፤ ጌቱ ላይ ምንም ቮልት ሳይኖር ይመራል፣ ለመክፈት ነው ትእዛዝ የሚፈልገው፣ ያውም ኔጌቲቭ ቮልት። እስከ 30 ኦም የሚደርስ የውስጥ ተቃውሞ ያለው ጄ111 ከ47 ኦም ሬዚስተር ጋር 77 ቢሰጥ፣ ያ ልዩነት በዓይን አይታይም።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ እንዳይመስል፣ በመጋዘንና በሱቅ የሚሰቀሉት አናሎግ የደኅንነት ካሜራዎች ዛሬም በዚሁ 75 ኦም ገመድ ነው የሚሠሩት፤ ጥራታቸው ወደ 1080 መስመር ያደገላቸው አዲሶቹም ጭምር። የካሜራውን ሲግናል ወደ ሌላ መቅጃ ማሳለፊያ መውጫ ያላቸው አንዳንድ መቅጃዎች 75 ኦሙን ከምናሌ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ካሜራ ለየብቻ፣ ማስገባትና ማስወጣት ያስችላሉ። ራሱ የሚያውቅ መሣሪያ መሥራትም ይቻላል። ትንሽ ማይክሮ ኮንትሮለር የሲንኩን ቁመት ይለካል፤ 0.6 ቮልት ካገኘ ጫፉ ባዶ ነው፣ ሬዚስተሩን ያስገባል፤ 0.2 ካገኘ ሁለት አሉ፣ የራሱን ያወጣል፤ 0.3 ከሆነ አይነካም። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ለሚማሩ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ ለማሰብ ይቸግረኛል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ደግሞ ከግቢው በር ውጭ ነው ያለው።

መሣሪያው እስኪሠራ ድረስ አንድ መልቲሜትር ይበቃል። ሁሉንም አጥፍቶ ገመዱን ከሪሲቨሩ ነቅሎ በመካከለኛው ሽቦና በሽፋኑ መካከል መለካት ነው። ወደ 75 ከተነበበ መስመሩ ደኅና ነው። 37 ከሆነ ሁለት፣ 25 ከሆነ ሦስት ሬዚስተር አለ፤ የመጨረሻውን ትቶ ሌሎቹን ማውጣት ነው፤ ወይም ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የራሱ መውጫ ያለው ባለ ማጉያ ማከፋፈያ መግዛት። በትራንዚስተር የሚዘጋ መሣሪያ ጫፉ ላይ ካለ ግን መለኪያው ባዶ ያሳያል፤ ኤንፒኤንና ሞስፌት ያለ ኃይል ክፍት ናቸውና። እንዲህ ያለውን መስመር አብርቶ፣ ሲንኩን በኦሲሎስኮፕ አይቶ ነው መፍረድ።